እንግሊዞችን ማን ክርስቲያን አደረጋቸው? (ደብዳቤ ለልጄ)

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ያነሳሽው ጥያቄ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የጻፍኩልሽ። «እንግሊዞች ክርስቲያን የሆኑት በሰይፍ ነው አይደል አባዬ?» አልሽኝ። ሰይፍማ ሌላ ቦታ ነበረ፤ እመጣበታለሁ። አንቺ ባለሽበት አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መጻሕፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ597 ይጀምራሉ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ የላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ አርባ ያህል ሰዎች አስከትሎ በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለችው ግዛት ወደ ኬንት ደረሰ። ንጉሡ ኤተልበርት ድግምት ያደርጉብኛል ብሎ ቤት ውስጥ ሊያገኛቸው ፈራ። ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሰማቸው። እኔን የምትገርመኝ ግን ሚስቱ በርታ ናት። የፍራንኮች (ያኔ የዛሬዋን ፈረንሳይ ይገዙ የነበሩ ሕዝቦች) ንጉሥ ልጅ ነች። ስትዳር ሃይማኖቷ እንዳይነካ ቃል ተገብቶላት፣ ጳጳሷን ይዛ መጣች። መነኮሳቱ ከመድረሳቸው በፊት ካንተርበሪ በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ትጸልይ ነበር። ንጉሡ ክርስቲያን ምን እንደሚመስል ከገዛ ቤቱ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ልጁም ለሰሜኑ ንጉሥ ለኤድዊን ስትዳር በዚያው ውል ሄደች። ኤድዊን በ627 ተጠመቀ።

ጎርጎርዮስ በ601 የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። የጣዖት ቤቶቹን አታፍርሱ፣ ጣዖቶቹን ብቻ አስወግዱ፣ ጠበል ረጭታችሁ መሠዊያ አቁሙ ይላል። በሬ ማረድ ለምደዋልና በበዓል ቀን አርደው፣ በልተው፣ እግዚአብሔርን ያመስግኑ ይላል። ሰውን የለመደውን ሁሉ በአንድ ቀን መንጠቅ እንደማይቻል ገብቶታል።

የኤይዳን ነገር ደግሞ ልብ ይነካል። በዚያው በሰሜን ንጉሥ ኦስዋልድ ሲነግሥ፣ በስደት ሳለ ከተጠመቀባቸው ከአየርላንዳውያኑ ዘንድ፣ ስኮትላንድ ካለችው ከአዮና ደሴት ገዳም አስተማሪ ላኩልኝ አለ። መጀመሪያ የተላከው ኃይለኛ ሰው ነበር። ሕዝቡ አልሰማው ሲል ተመልሶ «ግትር ሕዝብ ነው» ብሎ ከሰሰ። ጉባኤው መካከል ኤይዳን የሚባል መነኩሴ ተነሣ። ወንድሜ፣ አከበድክባቸው፤ መጀመሪያ ወተቱን ብትሰጣቸው ይሻል ነበር አለው። በል አንተው ሂድ ተባለ። በ635 ሊንዲስፋርን ደሴት ላይ ገዳም መሠረተ። እንግሊዝኛ ገና አልለመደም፤ ሲሰብክ ማን ያስተረጉምለት እንደነበር ታውቂያለሽ? ራሱ ንጉሡ! መኳንንቱ ተሰብስበው፣ ንጉሣቸው የመነኩሴን ቃል እየተቀበለ ሲነግራቸው አስቢው። ኤይዳን አገሩን የሚዞረው በእግሩ ነበር። ሌላ ንጉሥ ጥሩ ፈረስ ቢሰጠው መንገድ ላይ ላገኘው ለማኝ ከነኮርቻው ሰጠው። ይህን ሁሉ ያቆየልን ቤዳ የተባለ የዚያው አገር መነኩሴ ነው፤ መጽሐፉን የጨረሰው በ731 ነው።

የፋሲካውንም ስሚ፤ ፋሲካችን ከእነሱ ጋር ሳይገጥም ሥራ የምትገቢው አንቺ በደንብ ይገባሻል። የኤድዊን ልጅ ኢያንፍሌድ የሮማን አቆጣጠር ትከተላለች። ባሏ ንጉሥ ኦስዊ የአየርላንዶቹን። እሱ ጾም ፈትቶ ፋሲካን ሲያከብር እሷ ገና ሆሳዕና ላይ የምትሆንበት ጊዜ ነበር። በአንድ ቤተ መንግሥት! በ664 በዊትቢ፣ በእመምኔት ሂልዳ ገዳም ጉባኤ ተጠርቶ ንጉሡ ለሮማው ፈረደ።

ሰይፍ ያልሽው የፍራንኮቹ ንጉሥ የሻርለማኝ ነው። በዛሬዋ ጀርመን የነበሩትን ሳክሶኖች ከ772 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ወጋቸው። በ782 ቨርደን ላይ 4,500 ሰው በአንድ ቀን እንዳሰየፈ የራሱ ወገን ዜና መዋዕል ጽፎታል። አልጠመቅም ያለ ይሙት የሚል ሕግም አወጣ። ያንን ወንጌል ብዬ ልጠራው አልችልም። እዚያው ቤተ መንግሥት የነበረው እንግሊዛዊው ሊቅ አልኩዊን፣ ሰውን ለጥምቀት ማስገደድ ይቻላል፣ ለእምነት ግን አይቻልም ብሎ ተቃውሟል።

ሊንዲስፋርን ልሄድ ነው ብለሽኛል። መንገዱን ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸፍነዋል፤ ሰዓቱን ሳታጣሪ እንዳትገቢ። ሲመችሽ ካንተርበሪም ሂጂ። በርታ የጸለየችበት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይጸለይበታል። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

አባትሽ