የግምት ፋይላችሁን ስትከፍቱ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከእንግዲህ የግንባታ ዋጋ ግምታችሁን በወረቀት ብቻ ሳይሆን ከነኤክሴል ፋይሉ እንሰጣችኋለን። ፋይሉ ሦስት ገጽ አለው፦ ልኬቱ (ቴክኦፍ የምንለው)፣ የነጠላ ዋጋ ትንተናውና ቢኦኪው (የሥራዎቹ፣ የመጠናቸውና የዋጋቸው ዝርዝር)። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ብሩ ይሄዳል፤ እናንተ ግን ከልኬቱ ጀምሩ። ኮምፒውተር ማባዛት አይሳሳትም፤ የተሳሳተ ልኬት ሲሰጡትም ያንኑ አሳምሮ ያባዛል።

የአንድ ግድግዳ ስሌት እንይ። 8 ሜትር በ3 ሜትር 24 ካሬ ነው። በሩ (0.90 በ2.10) እና መስኮቱ (1.50 በ1.20) ሲቀነሱ 20.31 ካሬ ይቀራል። ባለ 20 (ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ) ብሎኬት ከነሞርታሩ በካሬ 11.6 ገደማ ይገባል፤ ለስብራት 5 በመቶ ሲታከል 248 ብሎኬት። በሩና መስኮቱ ልኬቱ ገጽ ላይ በመቀነስ ምልክት የየራሳቸው ረድፍ ከሌላቸው ግን 293 ትገዛላችሁ፤ ልስኑና ቀለሙም በዚያው ልክ ያብጣሉ።

ፕላን ስትልኩልን ከተቻለ የአውቶካድ ፋይሉ ይሁን። በ1፡100 (ፕላኑ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ሜትር) ለኤ3 ወረቀት የተሠራ ፕላን ግማሹን በሚያህለው ኤ4 ላይ ጠብቦ ታትሞ እንደ 1፡100 ከተለካ፣ ርዝመቱ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፣ ካሬው ግማሽ ይሆናል። ሶሌታችሁ (የፎቁ የአርማታ ወለል) በግማሽ አርማታ ተገመተ ማለት ነው! ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ፕላኑ ላይ በቁጥር የተጻፈ አንድ ርቀት ለክተን እናመሳክራለን።

ፌሮ ለመፈተሽ ውፍረቱን በሚሊሜትር በራሱ አባዝታችሁ ለ162 አካፍሉ፦ 12 ቁጥር በሜትር 0.89 ኪሎ፣ 14 ቁጥር 1.21። መደራረቢያው (ሁለት ፌሮ ሲቀጠል አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብበት ርዝመት) ፕላን ላይ ስለማይለካ በእጅ ይጨመራል፤ አንዳንዱ ገማች ይረሳዋል።

ኤክሴል ላይ «12 ሜ» ብላችሁ አትጻፉ። ጽሑፍ ስለሚሆን ድምሩ ይዘለዋል፤ ወደ ሳጥኑ ግራ የተጠጋ ቁጥር ካያችሁ ጠርጥሩ።

የመሠረት ቁፋሮ በዋልካ መሬት ላይ ግምት ብቻ ነው፤ ጠንካራው አፈር የት እንደሚገኝ ፕላኑ አያውቅም፣ ከተቆፈረ በኋላ ዳግም ይለካል። አሸዋና ጠጠርም ደብረ ማርቆስና ቢቸና ሲራገፉ ማጓጓዣቸው ስለሚለያይ ዋጋው የቦታችሁ ይሁን። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚታከለው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የሲሚንቶ ዋጋ ሲቀየር ዋጋው የተጻፈበትን ቢጫ ሳጥን ብቻ ለውጡ። ድምሩ ካልተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ፎርሙላው ጠፍቶ ቁጥር በእጅ ተጽፏል፤ ፋይሉን መልሱልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የዋጋ ግምት ክፍል፣ ደብረ ማርቆስ