እታለሜ፣ ይሄ ብር ለምጣዱ ነው

ሊድስ፣ ኅዳር 2018

እታለሜ፣

እንደምን ከረማችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በስልክ ስለምንጨርሰው ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የድምፅ መልእክትሽን ሥራ ላይ ሆኜ ሰማሁት። እማዬን ሳሉ አልለቃት እንዳለ፣ ሐኪሙም ከጭስ ራቂ እንዳላት ስትነግሪኝ ሥራውን ትቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ቀጥለሽ ደግሞ «የምትልከው የዱሮውን ግማሽ አይሞላም፣ ረሳኸን እንዴ?» አልሽ። ይቺ ነገር ልቤን ወጋችኝ። በስልክ ብመልስልሽ እንጣላለን ብዬ ነው የጻፍሁልሽ።

ትናንት 150 ፓውንድ ልኬያለሁ። 30 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። በብር ካየሽው ካምናው የበዛ ነው፤ ግን አይበቃም ስትይ አምንሻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር ነበር፣ አሁን 150 አልፏል። የኔ ፓውንድ በብር ሲመነዘር አደገ፣ ዘይቱና ጤፉ ግን ቀድሞት ሄደ። እሱ ላይ እኔ ምን ላድርግ? በፓውንድ ደግሞ መቀነሴ እውነት ነው። ብርዱ ሲመጣ ሁሌም ይቀንሳል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እዚህ ቤት የመብራቱም የጋዙም ሂሳብ በካርድ ነው፣ ልክ እንደናንተ። ቆጣሪው በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው። ትንሽ መስኮት አለችው፣ ቀሪው ሂሳብ እሷ ላይ ይታያል። ማታ ከሥራ ገብቼ ማሞቂያውን ስከፍት ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይወርዳል። ምንም ባላበራ እንኳ መስመሩ ስላለ ብቻ በየቀኑ ይቆርጣል፣ ለኤሌክትሪኩ ብቻ ከ50 ፔንስ በላይ። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 26 ፔንስ አካባቢ ነው፤ በእናንተ ብር ከ50 በላይ ማለት ነው። እኛ አገር ትንሽ ለሚጠቀም ሰው ለዓመታት 27 ሳንቲም የነበረውን አስቢው። የናንተም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር መወሰኑን አውቃለሁ፣ ስለሱም እመጣለሁ።

የዚህ አገር ችግር ጋዝ ነው። ቤቱ የሚሞቀው በጋዝ ነው፤ የመብራቱንም ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ጋዝ ነው። ነፋሱም ፀሐዩም ያመነጨው አልበቃ ሲል የጎደለውን የሚሞላው የጋዝ ጣቢያ ስለሆነ የሁሉም ዋጋ በሱ ልክ ይቆረጣል። ጋዙ በፈረንጆቹ 2021 መወደድ ጀምሮ ነበር፤ በ2022 ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ ደግሞ ሰማይ ነካ። የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ የዓመት ሂሳብ 1,277 ፓውንድ የነበረው በ2022 ሚያዝያ 1,971 ገባ፣ በጥቅምት መንግሥት ገብቶበት እንኳ 2,500 ደረሰ። በ2025 ጥቅምት 1,755 ሆነ። ወረደ ይላሉ። ለኔ አልወረደም፣ ዱሮ የነበረበት አልተመለሰማ።

ይሄን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። አልተቸገርሁም። ብርድ ልብስ አለኝ፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ለእማዬም ይሄን እንዳትነግሪያት። ብቻ «ረሳኸን» አትበይኝ።

እዚህ ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት አሉ። ለጡረተኞች በክረምት ለማሞቂያ የሚሰጥ 200 ወይም 300 ፓውንድ አለ። በፈረንጆቹ 2024 አዲሱ መንግሥት ከአብዛኛው ሰው ላይ አነሳው። ሴትዮዋ ካፖርታቸውን ለብሰው ሳሎን ሲቀመጡ በመስኮት አያቸዋለሁ፣ እማዬ ትመጣብኛለች። ግን ሕዝቡ ዝም አላለም። ጮኸ፣ ጻፈ፣ ምርጫ ላይ ቀጣቸው፤ በዓመቱ ለብዙዎቹ መለሱላቸው። በዚህ ቀናሁ እታለሜ። ከሀብታቸው ይልቅ በዚህ ነው የቀናሁት። እኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል የስንቱን ደጅ ጠንታችሁ፣ ከኪሳችሁ አዋጥታችሁ እንዳስጠገናችሁ አልረሳሁም።

ግድቡ ጳጉሜ 4 ሲመረቅ እዚህ አበሻ ተሰብስበን አይተናል። አለቀስሁ፣ እውነቴን ነው። እማዬ በ2003 ከእንቁላል ሽያጭ ለቅማ ቦንድ ስትገዛ ትዝ አለኝ። 5,150 ሜጋዋት ትልቅ ነገር ነው። ግን ጎንደር ውስጥ ቦንድ የገዛችው ሴትዮ ዛሬም እንጨት ስታነድ አየር አጥሯት ሆስፒታል ከሄደች፣ ኃይሉ ከግድቡ እኛ ማድ ቤት ድረስ የሚደርስበት ምሰሶና ሽቦ ጎድሏል ማለት ነው። ታሪፉ ሲጨምርም ሰው የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፤ ልክፈል፣ ግን አይጥፋብኝ።

አሁን ወደ ብሩ። ይሄ 150 ፓውንድ ለትንሿ እህታችን ሠርግ አይደለም። ለእማዬ ነው፣ ለኤሌክትሪክ ምጣድና ለምድጃ። እሷ «ለልጄ ሠርግ ይሁን» ትላለች፤ አትስሚያት። ያ ማድ ቤት ዓይኔ ላይ አለ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲገባ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ ጎንበስ ብላ እፍ እያለች፣ ዓይኗ ቀልቶ እንባዋ እየወረደ፣ «ጭሱ ነው፣ ምንም አልሆንሁም» ስትል። ስንት ዓመት እንዲህ አበላችን።

ምጣዱ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ የቤታችን አሮጌ ሽቦ አይችለውም። ለብቻው መስመርና ማጥፊያ ይዘርጋለት። በርካሽ ብላችሁ ከአምፖሉ መስመር እንዳትቀጥሉት፣ ቤት ያቃጥላል። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ከሰል ይሁን፤ ግን ውጭ በረንዳው ላይ፣ አንቺ ወይ ትንሿ አንድዱላት።

ትንሿ እህታችን ሙሽራ ልትሆን ነው አይደል? እኔ ስወጣ እኮ ዩኒፎርሟን ጭቃ አስነክታ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ከጥምቀት በኋላ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ለታቦቱ የመጣ ዘመድ ሳይበተን ይገኛል። አለመምጣቴን «ገንዘብ ሰስቶ ነው» የሚል ካለ አንቺ መልሺልኝ። ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። መንገዱስ ቢሆን፣ ከአዘዞ ወጣ ሲባል የሚሰማውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ቤንዚን ከጠፋ ለአጀብ መኪና ብላችሁ ከጥቁር ገበያ አትግዙ። በእግሯ ብትሄድስ፣ በእልልታ እስከ ቤተ ክርስቲያን! ከቤታችን እኮ ቅርብ ነው። ጠላው ግን አይቅጠን፣ አዝማሪውም አይቅር። የሱን እኔ እችላለሁ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለብቻው እልካለሁ።

የአባባ ጉልበት እንዴት እንደሆነ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። «ደህና ነው» ብቻ አትበይኝ። ጾሙንም ከነመድኃኒቱ እንዳይዘው ንስሐ አባቱን አናግሪልኝ፣ እሳቸውን ይሰማል።

መስመር የሚዘረጋውን ሰው ነገ አስጠሪና ስንት እንደሚል ላኪልኝ። ከጎደለ እሞላለሁ። ደረሰኙን አልፈልግም፣ ምጣዱ ሲሰካ ግን ቪዲዮ እፈልጋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፤ መጀመሪያ ከሙሽራዋ ጋር አገናኚኝ፣ ከዚያ ከእማዬ ጋር።

ወንድምሽ