ስለ እህቴና ስለ መርፌው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ከኮዬ ፈጬ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። ስለ ዝምታዬ ይቅርታህን ለምኜ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ በዚህ ነገር አንተም ከእኔ እምብዛም አትሻልምና።

የጻፍሁልህ ስለ እህቴ ነው። በክረምቱ መግቢያ የማያባራ ስቅታና ትውከት ይዟት፣ እኛ ውኃ ስናጠጣት፣ ሐኪሙም የጨጓራ መድኃኒት ሲያዝላት ቆይተን፣ የግራ ዓይኗ ብርሃን እየደበዘዘ ሄደ፤ ቀጥሎም እግሮቿ ዛሉ። በኤም አር አይ ሲታይ ሕብለ ሰረሰሯ ላይ ከሦስት አከርካሪዎች በላይ የሚዘልቅ ጉዳት ተገኘ። አንዱ ሐኪም መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው አለ። ሌላዋ ሐኪም ግን የስቅታውን ነገር ስትሰማ ከወረቀቱ ቀና ብላ ደጋግማ ጠየቀችንና፣ እርሱን የሚመስል ግን ሌላ የሆነ፣ የዓይን ነርቭንና ሕብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ሊሆን ይችላል ብላ የደም ናሙና ወደ ውጭ አገር አስላከች። ውጤቱ ገና አልመጣም። አሜሪካ ያለችው አክስታችን በበኩሏ የመጀመሪያውን ስም ብቻ ይዛ፣ ከአንዲት ታማሚ የተረፈ፣ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጥ የኢንተርፌሮን ቤታ መርፌ በመንገደኛ ልትልክልን ተዘጋጅታለች።

እንቅልፍ የነሣኝ ይህ መርፌ ነው። በሁለቱ በሽታዎች የሚሠራው ሥራ የሚለያየው አስትሮሳይት በተባሉት የአንጎል ሕዋሳት ምክንያት ነው ብዬ እፈራለሁ። እኔ የማስተምርበት የባዮሎጂ መጽሐፍ አስትሮሳይቶችን የነርቭ ሕዋሳት መጋቢዎች ናቸው ብሎ በአንድ መስመር ያልፋቸዋል። እነርሱ ግን የቫይረስ አርኤንኤን የሚለየውን ቲኤልአር3ን፣ እንዲሁም የኢንተርሉኪን-1፣ የኢንተርሉኪን-6፣ የኢንተርሉኪን-17፣ የቲኤንኤፍና የኢንተርፌሮን (እነዚህ ሁሉ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች ናቸው) ተቀባዮችን ታጥቀው የቆሙ ዘበኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የእነ ሊድሎውና ባሬስ ጥናት እንዳሳየው፣ የተቆጡ ማይክሮግሊያዎች፣ ማለትም የአንጎል የመከላከያ ሕዋሳት፣ ኢንተርሉኪን-1 አልፋን፣ ቲኤንኤፍንና ሲ1ኪው የተባለውን ፕሮቲን ሲለቁ አስትሮሳይቱ መጋቢነቱን ትቶ የነርቭ ሕዋስን እስከ መግደል ይደርሳል። በ2021 ደግሞ ብዙ ባለሙያዎች ተባብረው አስትሮሳይቶችን ክፉና ደግ ብሎ ለሁለት መክፈል እንደማያዋጣ ጻፉ፤ የእህቴን ነገር ሳስብ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ነገሩን እይልኝ። በ2016 በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ዓይነት 1 ኢንተርፌሮን የአንጀት ባክቴሪያዎች ከትሪፕቶፋን ከሚሠሯቸው ውሁዶች ጋር ሆኖ፣ በአስትሮሳይቶች በኩል መልቲፕል ስክለሮሲስን የሚመስለውን የአንጎል መቆጣት ያበርዳል። በኒውሮማየላይቲስ ግን ጠላት የተደረገው አስትሮሳይቱ ራሱ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ አስትሮሳይቱ የደም ሥሮችን በሚያቅፍበት እግሩ ላይ በብዛት ከሚገኘው አኳፖሪን-4 ከተባለው የውኃ መተላለፊያ ጋር ይጣበቅና ኮምፕሊመንት የተባሉትን ሕዋስ የሚያፈርሱ የደም ፕሮቲኖች ይጠራበታል፤ የነርቩ ሽፋን የሚፈርሰው አስትሮሳይቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ስቅታውም ከዚሁ ይመጣል፤ በአንጎል ግንድ ያለው የትውከት ማዕከል አኳፖሪን-4 የበዛበት ነውና። ይህ በሽታ ይዟቸው ኢንተርፌሮን ቤታ የተሰጣቸው ሰዎች ደግሞ እንደባሰባቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ፀረ እንግዳ አካሉ በ2004 ከመታወቁ በፊት ሁለቱን በደም ምርመራ መለየት አይቻልም ነበር፤ ዛሬ ግን ይቻላል፣ ስለዚህ መጠበቅ አለብን እላለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን አትፍረድብኝ። አንዳንድ ሌሊት ውጤቱ የከፋውን ስም ይዞ ቢመጣ እመኛለሁ፤ ቢያንስ ምን እንደምንዋጋ እናውቃለን ብዬ። ሲነጋ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቡና ልታፈላ ስትነሣ አያታለሁና አፍራለሁ።

እንግዲህ አንተ በነርቭ ሕክምና ውስጥ ያለህ ሰው ነህና ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። የኢንተርሉኪን-6ን ተቀባይ የሚዘጋው የኒውሮማየላይቲስ መድኃኒት ሳትራሊዙማብ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን የእኛን አቅም አያውቅም። የሰውነት መከላከያን የሚገቱት ሪትክሲማብ ወይም አዛታዮፕሪን የሚበቃት ከሆነ፣ የትኛውን ማስቀደም እንዳለብን ከሐኪሟ ጋር በስልክ ተነጋገርልኝ፤ ኤም አር አዩን እልክልሃለሁ።

ሁለተኛው ይከብዳል፦ አክስታችንን አስቁምልኝ። እኔ ስናገራት «መምህር ነህ እንጂ ሐኪም አይደለህም» ትለኛለች፤ አንተን ግን፣ ያን ሁሉ ዶሮ ወጧን የበላኸው ለምን ሆነና፣ ትሰማሃለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደውልላት፤ መንገደኛው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚነሣ አትዘግይ።

ያንተው