የሚሰበር ዕቃ ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ሳይንስ ትምህርት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የማነበው «የላቦራቶሪ ዕቃ የለም» የሚል ነው። ብዙ ቦታ በእርግጥ የለም። እኛ ጋ ግን አለ። ተቆልፎበታል።

ንብረት ክፍላችን መደርደሪያ ላይ ማይክሮስኮፖች ከነፕላስቲካቸው ተቀምጠዋል። አንድ ዕቃ ለማውጣት ሞዴል 22 የሚባል ቅጽ ይፈረማል። ፈራሚው መምህሩ ነው። ከተሰበረ ከፋዩም እሱው ነው። ታዲያ የወር ደመወዙ ከወር የማያደርሰው ሰው ምን ቆርጦት ያወጣል?

እኔ አንድ ጊዜ አውጥቼ ነበር። ቴርሞሜትር ነው። ከሰል ምድጃ ግቢ ውስጥ አቀጣጥለን ውሃ ጣድን። ከ60 በላይ ልጆች ከበውኛል። ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ ግን 90ን ጥቂት አልፎ ቆመ። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል!» አሉ በአንድ ድምፅ። አልተበላሸም። መጽሐፉ የሚያወራው በባሕር ጠለል ላይ ስላለ ውሃ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ግፊቱ አነስተኛ ነው፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ይህን አስረድቼ ሳልጨርስ አንዲት ልጅ ከኋላ፣ «ለዚህ ነው እንዴ እኛ ቤት ንፍሮ አልበስል የሚለው?» አለች። ለዚህ ነው። ውሃው እየፈላ ባቄላው የሚያገኘው ሙቀት 90 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። በዓመቱ ካስተማርኩት ሁሉ ያቺ ጥያቄ ትበልጥብኛለች።

ከዚያ አንዱ ቀልጣፋ ቴርሞሜትሩን ከፈላው ውሃ አውጥቶ ቀጥታ ቀዝቃዛ ባልዲ ውስጥ ነከረው። ጠሽ አለ። (መስታወት በድንገት ሲቀዘቅዝ ለምን እንደሚሰነጠቅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሠርቶ ማሳያ አይገኝም፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ለማስረዳት ልብ አልነበረኝም።) በሳምንቱ «በግዴለሽነት» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ዋጋው ከደመወዜ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ንብረት ክፍል ደጃፍ አልደረስኩም። በጠመኔ ብቻ አስተማርኩ።

የመለሰኝ ዳዶ ነው። ከጋራዥ ወለል ላይ ያነሳሁት አሮጌ የመኪና ዳዶ። አንድ ሜትር ሲባጎ አስሬበት ከበሩ ጉበን ላይ አንጠለጠልኩት። አሥር ጊዜ ሄዶ ሲመለስ በስልክ ስንለካው 20 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ከዚህ ተነስቶ የመሬትን ስበት ማስላት ይቻላል። አንዱ ቡድን 9.6 አገኘ። መጽሐፉ 9.8 ነው የሚለው። ስንፈትሽ ሲባጎውን የለኩት እስከ ቋጠሮው ነው፤ እስከ ዳዶው መሃል መለካት ነበረባቸው። የሁለት ሳንቲ ሜትር ስህተት! ክርክሩን ብታዩት። ዳዶው ሃያ ጊዜ ወድቋል፣ ማንም አልፈረመበትም።

ያኔ ነው የገባኝ። የርካሽ ዕቃ ደጉ ነገር ርካሽነቱ አይደለም። ልጅ ያለ ፍርሃት ይነካዋል።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ሞክረናል። የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ከርከዴ ዘፍዝፎ ሎሚ ሲጨምርበት ደምቆ ይቀላል፣ የአመድ ውሃ ሲጨምርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ በአንድ እፍኝ ከርከዴ። ሚያዝያ 7 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ እኛ ከተማ አናት ላይ ቀጥ ትላለችና ቀጥ ያለ እንጨት ተክለን ጥላው ሲጠፋ አይተናል። የጠፋው በ6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ሰዓታችን የፀሐይ ሰዓት እንዳልሆነ ያወቁት ያን ቀን ነው።

አሁን አሁን ሳይንስና ሒሳብ ላይ ጥበብም ይጨመር ይባላል። እኔ በደስታ። አንዱን ተማሪ «ወላጅ አምጣ» ስለው ክው አለ። ምንም አላጠፋም፤ እናቱ ሰፌድ ይሰፋሉ። መጡና ወስፌያቸውን፣ ስንደዷቸውንና አክርማቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ልጆቹን ጠየቅኳቸው፦ ሰፌዱ እየሰፋ ሲሄድ አንድ ዙር ስንጨምር የጠርዙ ርዝመት በስንት ያድጋል? ሁሉም «ትልቁ ላይ ብዙ ይጨምራል» አሉ። እኚያ እናት ቀና ብለው፣ «ኧረ ሁሌም ያው ነው፤ ትንሽም ሆነ ትልቅ» አሉ። በክር ለካን። ረድፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከወፈረ እያንዳንዱ ዙር ሦስት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይጨምራል፤ መሃሉም ላይ፣ ጠርዙም ላይ። ሁለት ፓይ አር ማለት ይኸው ነው። «ይህን ልትጠይቁኝ ነው ያስጠራችሁኝ?» ብለው ሳቁብን።

ባልደረቦቼ «ለማትሪክ ምን ይረዳል?» ይሉኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የጠመኔው መንገድም ያን ያህል አላደረሰንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያገኙት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው። ላቦራቶሪው ኋላ መጣ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለማስተማር ወጥቶ ለተሰበረ ዕቃ መምህሩ አይክፈል። በዓመት ይህን ያህል ይሰበራል ተብሎ ቀድሞ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ ከሚመደበው ስኩል ግራንት ትንሽ ገንዘብ ያለ ፕሮፎርማ (ያለ ዋጋ ማቅረቢያ) በመምህሩ እጅ ይሁን። የከርከዴ ነጋዴዋ ደረሰኝ የላትም። ሦስት ፕሮፎርማ ብጠይቃት ከርከዴውን ፊቴ ላይ ነው የምትበትነው።

ስሜን ባትጽፉት ደስ ይለኛል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጎረቤቴ ናቸው፤ ቡና አብረን ነው የምንጠጣው። ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ በሞዴል 19 ፈርሜ ነው የተረከብኩት። ቢጎድል ከጡረታዬ ነው» አሉኝ። የሳቸውንም ጨምሩልኝ።

የፊዚክስ መምህር
ከደብረ ብርሃን