ፌስታል የማይሰጠው ሱቅ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን ዓመታዊ ዘገባ እስከ ዛሬ የሚጀምረው በተተከለ ችግኝ ብዛት ነበር፤ የሚያልቀውም ግድግዳ ላይ በተለጠፈ መፈክር። ችግኙን ክረምት ካለፈ በኋላ ማን እንዳጠጣው አይጻፍም። ከመፈክሩ ሥር የወደቀ የብስኩት ላስቲክም በዘገባ አይነሳም። ዘንድሮ አባላቱ መፈክሩ ትንሽ ይረፍ ብለው ሱቅ ከፈቱ። ርዕሰ መምህሩ በበሩ አጠገብ ያለችውን፣ የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ ሆና የኖረችውን ክፍል ፈቀዱልን። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ጠረጴዛ ሰጠን። መነሻ ገንዘቡን ተማሪዎቹ እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ አዋጡ። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ሳሙና፣ ቆሎ፣ ጧፍ፣ ከቅዳሜ ገበያ የመጣ ዘንቢል ተደረደረ። ሕጉ አንድ ነበር፤ ዕቃ ይሸጣል፣ ፌስታል አይሰጥም።

ሕጉ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቆሎው ላይ ተሰናከለ። ቆሎ በላስቲክ ተቋጥሮ መግዛት ለምዶብናል። በአሮጌ ጋዜጣ እንጠቅልል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የጋዜጣ ቀለም ምግብ እንዲነካ ስላልፈለግሁ ጋዜጣው ለደብተር ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ስለዚህ ቆሎ በስኒ እየተሰፈረ በቀጥታ ኪስ ውስጥ ይገለበጥ ጀመር። ወንዶቹ ደስ አላቸው። ሴቶቹ ተቆጡ፤ የደንብ ልብሳቸው ቀሚስ ኪስ የለውማ! አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በስብሰባ ላይ ተነሥታ «ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል ሴቶች ቆሎ መብላት እናቁም?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ቀልድ አልነበረም፤ መልስም ፈለገች። እዚሁ ጎንደር አራዳ አካባቢ ካሉ ልብስ ሰፊዎች የሚጣል ቁርጥራጭ ጨርቅ ተለምኖ መጣ። በእጅ ተሰፍቶ አፉ በክር የሚሳብ ትንሽ ከረጢት ሆነ። እስከ ጥር ድረስ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ በብዛት የወጣው ይኸው ከረጢት ነው። አሁን ወንዶቹም አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ይዞራሉ። ከቆሎ ሌላ ለፈተና የተዘጋጀ ብጣሽ ወረቀት ይገባበታል የሚባል ወሬ አለ፤ እሱን የፈተና ኮሚቴው ይመልከተው።

ፌስታል ለምን እንደተከለከለ ለሚጠይቅ ደንበኛ መልስ መስጠት የሻጮቹ ግዴታ ነው። መልሱን ለማግኘት በአንድ ቅዳሜ ከአጥራችን ሥር የሚያልፈውን ቦይ ተከትለን ወረድን። ቦዩ ቀሃ ወንዝ ይገባል። ቀሃ ለጥምቀት የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚሞላበት ውኃ ነው። ቀሃና አንገረብ ወርደው መገጭን ይቀላቀላሉ፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን የወረረው እምቦጭ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ በሚወርድ ንጥረ ነገር እንደሚፋፋ ልጆቹ በክፍል ተምረዋል፤ ፈተና ላይም ጽፈውታል። በእግር ሲወርዱት ሌላ ሆነባቸው። ከድንጋይ ሥር ከተወሸቀው ላስቲክ መካከል አንዱ የደብተር መሸፈኛ ነበር፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ስም ደግሞ አብሮን የመጣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስም። ባለቤቱ አንሥቶ ኪሱ ከተተው። እስከ ዓመቱ ማለቂያ ድረስ «ዕቃህን ጣና ልትልክ ነበር» እየተባለ ተቀልዶበታል።

ከሱቁ ዕቃዎች ብዙ ያነጋገረው እንዶድ ነው። አንዲት ተማሪ አያቷ ከጓሮ የለቀሙትን የደረቀ እንዶድ ይዛ መጣች። የእኛ አገር ሰው ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲያጥብ ኖሯል፤ ልጆቹ ግን አብዛኞቹ ስሙን እንጂ ፍሬውን አያውቁትም። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንኩ አጋጣሚውን አላሳለፍኩትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩን ይዘው መረመሩት። ለዚህ ሥራቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ታሪኩን በካርቶን ጽፈን ከእንዶዱ ጎን አቆምነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቆሞ አንብቦ ሲጨርስ «ቀንድ አውጣውን ከገደለ ዓሣውንስ?» አለ። እውነቱን ነው፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዶድ የሚገዛ ሁሉ እጣቢውን ከወንዝና ከምንጭ አርቆ እንዲደፋ ይነገረዋል። «የአባቶቻችን ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውን አነጋገርም ከሱቁ አስወጣነው። ከባዕድ የመጣ ሁሉ መርዝ፣ ከጓሮ የተለቀመ ሁሉ መድኃኒት የሚመስለን ብዙዎች ነንና።

ያከራከረን ግን ሸክላው ነው። ሐሳቡ በየክፍሉ የውኃ እንስራ ይቀመጥ፣ ተማሪውም ሃይላንድ መግዛት ይተው የሚል ነበር። እንስራውን ለማምጣት በደባርቅ መንገድ ወደ ወለቃ ሄድን። ወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት የኖሩባት መንደር ናት፤ ሸክላ ሥራው ዛሬም አለ። የፊዚክስ መምህሩ ውኃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ሲተን ሙቀት ይዞ እንደሚሄድ፣ ውስጥ የቀረው ውኃም በዚህ ምክንያት እንደሚቀዘቅዝ አስረዱ። ሁሉም ያማረ መሰለ። ሁለት ተማሪዎች ግን ከእንስራው አንጠጣም አሉ። ምክንያቱን ለብቻቸው ስጠይቃቸው ከቤት የሰሙት ነው፤ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» ነው የሚለው አሮጌ ስም ማጥፋት። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ ስድቡ ግን የደንብ ልብስ ለብሶ ክፍላችን ተቀምጧል።

ክበቡ ንግግር ከማዘጋጀት ይልቅ እንስራውን የሠሩትን እናት ጋበዘ። እትዬ ጭቃቸውን ይዘው መጡ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፣ ልጆቹንም ጭቃ አስረገጡ። አንዷ «እትዬ፣ ሰው ሲሰድብዎት ምን ይላሉ?» ብትላቸው «ቡናውን ሲጠጣ ጀበናውን ከየት እንዳመጣው እጠይቀዋለሁ» አሉ። ከሁለቱ ተማሪዎች አንደኛው አሁን ከእንስራው ይጠጣል። ሌላኛው እስከ ሰኔ ድረስ ከቤቱ ውኃ ይዞ ይመጣ ነበር። አላስገደድነውም፤ ያመጣበትን ጠርሙስ ግን እየሞላ ደጋግሞ መጠቀሙን አባላቱ በትዝብት መዝግበዋል።

የሴት ተማሪዎች ክበብ ከጥጥ ጨርቅ የሰፋው፣ ታጥቦ የሚያገለግል የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያም በሱቁ ይሸጣል፤ ለሌላት በነጻ ይሰጣል። ወንድ ሻጮች መጀመሪያ አንገታቸውን ይደፉ ነበር፣ ከሁለተኛው መንፈቅ ወዲህ ዋጋውን እንደ ሳሙና ይናገራሉ። ከትርፉ የተገዛው ደብተር ለማን እንደተሰጠ ግን የሚያውቁት የክፍል ኃላፊዎች ብቻ ናቸው፤ እንደዚያ እንዲሆን የወሰኑት ተማሪዎቹ ናቸው።

ዱቤን በተመለከተ፦ ተማሪዎች በሙሉ ዕዳቸውን ከፍለዋል። መዝገቡ ላይ የቀረው ስም የመምህራን ነው። ገንዘብ ያዧ ዝርዝሩን በዚህ መጽሔት እንዲወጣ ጠይቃ ነበር፤ አዘጋጆቹ ለምነው አስቀሩት። እስከ ሐምሌ አጋማሽ ካልተከፈለ ግን ለመስከረሙ ስብሰባ ይቀርባል ብላለች፤ የምታደርገው ይመስለኛል።

በግንቦት መጨረሻ ሚኒ ሚዲያው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁን በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ሲያነብ፣ አባላቱ ፋሲል ከነማ ግብ ያገባ ይመስል ጮኹ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513ም ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ እንደነበር ነገርኳቸው። ጩኸቱ በረድ አለ። «ታዲያ ያኔ ባለሱቁ በምን ይስጥ ነበር?» ያለችው ያችው የኪሱ ባለ ጥያቄ ናት። ለሚቀጥለው ዓመት በአካባቢያችን ላሉ ባለሱቆች ከረጢት በብዛት ሰፍቶ የማቅረቡን ሥራ እርሷ ትመራዋለች።

የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ቀርቧል። በመስከረም ፈሳሽ ሳሙና በልቅ መሸጥ ስለምንጀምር ክዳን ያለው ባዶ ጠርሙስና የማር ብርጭቆ ቤታችሁ ካለ፣ አጥባችሁ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። ቆሎ የሚቆሉልን እናቶች ደግሞ ክረምት ላይ የሽምብራ ዋጋ ከጨመረ ስኒው እንደሚያንስ ከወዲሁ አሳስበዋል።