በእጃችን ያልገባ በጀት እንዴት አባከንን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በበጀት ችግር ስለተያዙት የጎጃም ወረዳዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ክልሉ በትምህርት ቤቶች የገንዘብ አያያዝ ላይ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ሊያደርግ ነው ብላችኋል። ይሁን፣ ቁጥጥር አልጠላም። አንዲት ሐረግ ግን አንጀቴን አሳረረችው፤ «ትምህርት ቤቶች የተመደበላቸውን በጀት በአግባቡ ባለመጠቀማቸው» የምትለዋ።

የትኛውን በጀት?

በምሥራቅ ጎጃም የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አባል ነኝ። የመምህር ደመወዝ በእኛ ትምህርት ቤት በኩል አልፎ አያውቅም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የክልሉ ጥቅል በጀት የሚወርደው ለወረዳ ነው። የወረዳው ምክር ቤት ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለግብርና ይህን ያህል ብሎ ያጸድቃል። ሒሳቡን ይዞ የሚከፍለው ደግሞ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ፑል ነው፤ የየመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ በአንድ ላይ የሚይዘው ክፍል ማለት ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ እንኳ የራሱን ገንዘብ የሚያውቀው በወረቀት ነው። ርዕሰ መምህሩማ ወረቀቱንም አያይ።

የወረዳ በጀት ከክልል የሚመጣው ብቻ አይደለም። ወረዳው ራሱ እሰበስበዋለሁ ብሎ ያቀደው ገቢም አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ግብር መሰብሰብ ምን ያህል እንደከበደ ለእናንተ አልነግርም። ገቢው ሳይገባ ሲቀር የመምህሩ ደመወዝ ይዘገያል፤ መምህሩም የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት የጠመኔ አጠቃቀም ጋር ምን አገናኘው?

ለትምህርት ቤት የሚደርስ ገንዘብ አለ፣ አልክድም። የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባለው፣ በ2001 ዓ.ም. ከትምህርት ጥራት ማሻሻያው ፕሮግራም ጋር የመጣው ነው። እሱም የሚያልፈው በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። የሚሰላውም በተማሪ ቁጥር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት ተማሪው ይቀንሳል፣ ድጎማውም አብሮ ይቀንሳል። ጣሪያው ግን በተዘጋበት ጊዜም ዝናብ ሲመታው ከርሟል። ስሌቱ የተነቀለ ቆርቆሮ አይቆጥርም።

«በአግባቡ አለመጠቀም» ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የአንድ ክፍል ጣሪያ ተገነጠለ። ከወረዳው የሥራ ማስኬጃ ቆርቆሮና ሚስማር እንዲገዛልን ጠየቅን። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጡ ተባልን። አመጣን። ጥያቄው ፑል ገባ። አንዱ ፈራሚ ሥልጠና ሄዷል። ሲመለስ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው። በመጨረሻ ወረቀቱ ተፈርሞ ሲወጣ ባለሱቁ ሳቀብን፤ በፕሮፎርማው ላይ ያለው ዋጋ ካለፈ ቆይቷል። እንደገና ፕሮፎርማ፣ እንደገና ፊርማ። በዚህ መሀል ሰኔ 30 ደረሰና ሒሳብ ተዘጋ። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ምን ተጻፈ መሰላችሁ? ትምህርት ቤቱ በጀቱን አልተጠቀመም። ጋዜጠኛችሁ ያችን ሐረግ ያገኛት ከእንዲህ ያለ ሪፖርት ይመስለኛል።

ጣሪያው ግን ተሠርቷል። የግቢውን ሣር በጨረታ ሸጥን፣ ባሕር ዛፍ ቆረጥን፣ የጎደለውን ወላጅ አዋጣ። የጥበቃውም ደመወዝ የሚከፈለው ከዚሁ ነው። የተገዛው ዕቃ በገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ገብቶ በወጪው በሞዴል 22 ወጥቷል። ሒሳቡ በወላጆች ጉባኤ ሲቀርብ አንድ አባት ኪሎ የማትሞላ ሚስማር የት ገባች ብለው እስኪመሽ ድረስ አላስነሱንም። (ሚስማሯ ተገኝታለች፤ ወንበር ተጠግኖባታል።) እኒህን ሰውዬ ወረዳው ፑል ቢያስቀምጧቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ዘገባችሁ የዞን ኃላፊ አናግሯል፣ ባለሙያ አናግሯል። ወተመህ የሚባል ነገር መኖሩን ግን አንድ ቦታ እንኳ አልጠቀሰም። መዋጮ ሲፈለግ «የሕዝብ ባለቤትነት» እየተባለ ስማችን ይነሣል። ገንዘቡ ሲነሣ ግን የለንም!

ቁጥጥሩስ እንዴት ሊሆን ነው? እስካሁን የማውቀው ክትትልና ድጋፍ በፒክአፕ ይመጣል። ቼክሊስት ይይዛል። ዕቅዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል? ቃለ ጉባኤ አለ? ማኅተም አለው? አለ፣ አለው፣ ደህና ዋሉ። ለእንግዶቹ አበል ለነዳጁም ገንዘብ አይጠፋም፤ የጠፋው ለቆርቆሮው ነው። ፑሉን ሄዶ «የዚህ ትምህርት ቤት ገንዘብ ስንት ወር ተኛ?» ብሎ የጠየቀ ተቆጣጣሪ አላየሁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ወረዳውን ለመክሰስ አይደለም። እዚያም የሚሠሩት ልጆቻችን ናቸው፣ እነሱም ደመወዝ ይዘገይባቸዋል። ግን ክልሉ የምር ሊቆጣጠር ከሆነ በሐምሌ በጀት ሲጸድቅ በየትምህርት ቤቱ ስም ስንት እንደተያዘ ይነገረን። ከዚያ ምን ያህሉ እንደወጣ ፑሉ በየወሩ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። የኦዲት ግኝትም መሳቢያ ውስጥ አይደር፤ በምክር ቤቱ ጉባኤ ወተመሆች ባሉበት ይነበብ። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ ፒክአፕ አያስፈልግም።

እናንተም ያችን ሐረግ አርሟት። በቀጣዩ ዘገባ ወላጅ ማናገር ከፈለጋችሁ ስልካችን በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። መዋጮ ሲፈልጉ ወዲያው ነው የሚያገኙት።

የወተመህ አባል
ከምሥራቅ ጎጃም