«ምን አለ?» እየተባባሉ ፊልም ማየት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ሰሞኑ ፊልሞች የሚወጡት አስተያየቶች ታሪኩን ይተርካሉ፣ ተዋናዩን ያወድሳሉ ወይም ይነቅፋሉ፣ ስለ ቀረጻውና ስለ አልባሳቱ አንዳንድ መስመር ጣል አድርገው ይደመድማሉ። ስለ ድምፅ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ሲኒማ ቤት ውስጥ ከኋላ ወንበር በየአምስት ደቂቃው የሚሰማው ጥያቄ «ለምን እንዲህ አደረገ?» የሚል አይደለም፤ «ምን አለ?» ነው። ጎረቤት እስኪመልስ ድረስ ቀጣዩ ንግግር ያልፋል። ሰዉ ሲወጣ «ታሪኩ አይያያዝም» ይላል። ታሪኩማ ተያይዞ ይሆናል፤ ያልተሰማው ማያያዣው ነው።

የዚህ ደብዳቤ ሙግት አንድ ነው። በአማርኛ ፊልሞች ላይ ከምንሰነዝረው ወቀሳ ብዙው ያለ አድራሻው ወደ ደራሲውና ወደ ተዋናዩ ይሄዳል። መድረስ ያለበት ድምፅ ቀራጩ ዘንድ ነው፤ ድምፅ ቀራጭ ካለ።

የውጭዎቹም ከዚህ አላመለጡም። ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «ቴኔት» በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱትን ሳይቀር «ንግግሩ አይሰማም» አሰኝቷል። የአይማክስ (ለግዙፍ መጋረጃ የሚቀርጸው) የፊልም ካሜራ ሲሠራ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣል፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ተዋናዮች ኋላ ስቱዲዮ ገብተው ንግግራቸውን እንደገና ሲቀዱ ማየት አይወድም፤ በቀረጻው ቦታ የተተወነውን ይመርጣል። ምርጫውን መውደድ የእኛ ግዴታ አይደለም፤ ግን አስቦበት ያደረገው ነው። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ2023 በ«ኦፐንሃይመር» ቦምቡን ሲያፈነዳው ብርሃኑ ይመጣል፣ ጩኸቱ ይቀራል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ይህ ብልሃት ብቻ ሳይሆን ፊዚክስም ነው፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ በተደረገው ሙከራ ቅርብ የተባሉት ምሽጎች 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነበር፤ እዚያ የነበረ ሰው ጩኸቱ የሚደርሰው ከብርሃኑ 27 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ነው። ፊልሙ ያንን ዝምታ እያስረዘመ ፊቶችን ያሳየናል፤ ተመልካቹ ሲዘናጋ ጩኸቱ ያን ጊዜ ይመታዋል።

የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ኦስካር የድምፅ ሽልማቱን ያገኘው «ኦፐንሃይመር» አይደለም፤ «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ነው። የኦሽዊትዝ ካምፕ አዛዥ ቤተሰብ አበባ ሲኮተኩት፣ ልጆቹ ሲዋኙ እናያለን። ከግንቡ ወዲያ ያለውን አናየውም፤ እንሰማዋለን። በዓመቱ የተሸለመውን «ዱን፦ ክፍል ሁለት»ን ደግሞ በጩኸቱ ብቻ የሚያስታውስ ካለ፣ እንደገና ሲያይ ሹክሹክታዎቹን ያዳምጥ። ያ ሁሉ አሸዋና ያ ሁሉ ትል እየተንጎደጎደ አንዲት ቃል አትጠፋም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። አማርኛ መጥፎ ድምፅን የሚችል ቋንቋ አይደለም። «ዛሬ ማታ ይመታል» የሚል ዓረፍተ ነገር በአንድ የወንጀል ፊልም ውስጥ አለ እንበል። «መ» ላልቶ ከተነገረ ሰውየው መቺ ነው፤ ጠብቆ ከተነገረ ተመቺ ነው። ፊደሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጽሑፉን የያዘው ተዋናይ እንኳ ዳይሬክተሩን ሊጠይቅ ይገባዋል። በጆሮ የሚለያቸው ከንፈር ገጥሞ የሚቆይባት ቅጽበት ናት፤ በግምት የሰከንድ አንድ አሥረኛ። ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ባዶ ሳሎን ደግሞ አስተጋብቶ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ሰከንድ ሊወስድበት ይችላል። የፊተኛው ድምፅ ጭራ በኋለኛው ላይ ሲነጠፍበት ጠበቀ ላላ የሚባል ነገር አይኖርም። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» እና «ጸ»ም እንዲሁ ናቸው። ጉልበታቸው አጭርና ሹል ፍንጥቅታ ነው፤ ማይኩ ከራቀ ወይም ልብስ ውስጥ ከተቀበረ መጀመሪያ የሚሞተው ያ ሹል ክፍል ነው። ያኔ «አባቴ መጣ» እና «አባቴ መታ» አንድ ይሆናሉ። በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊልም ሙሉ ሴራ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። «እኔ ያን ቀን ከእሷ ጋር ወደ ደብረ ዘይት...» ከተባለ በኋላ ሄዷል፣ ሊሄድ ነበር ወይስ አልሄደም የሚለውን የምናውቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። የተዋናዩ ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው ነው፤ ድምፁ ይወርዳል። ኤዲተሩም የኪቦርዱን ሙዚቃ ከፍ የሚያደርገው ንግግሩ ያለቀ መስሎት እዚያው ላይ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የዓረፍተ ነገሩ ጅራት ቢያመልጠው ማን ምን እንዳደረገ አስቀድሞ ሰምቷል። እኛ ግን ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ስለዚህ ሙዚቃ ከግሱ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ታግሦ ይግባ። ቀድሞ ከገባም ግሱ እስኪያልፍ ዝቅ ብሎ ይቆይ።

በቀረጻው ቦታ ምን ይበላሻል? ቤቱ ይታወቃል፤ የተከራየ ቪላ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ የቆዳ ሶፋ፣ ከጥግ እስከ ጥግ መስኮት፣ የጂፕሰም ጣሪያ። ለዓይን ያምራል፣ ለጆሮ ግን ዋሻ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መሀል ሳሎን ቆሞ አንዴ ማጨብጨብ። ከጭብጨባው በኋላ ጭራ ከተሰማ ካሜራው የማያየው ቦታ ሁሉ መሸፈን አለበት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከካሜራው ጀርባ በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ፍራሽ። መጋረጃ ይዘጋል። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም፤ ቪላው ውስጥ ያለው አልጋ ልብስ ይበቃል። ብርድ ልብሱ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ቢርቅ ደግሞ ከተለጠፈው ይበልጥ ያፍናል።

ፍሪጅ ይነቀላል። (የድምፅ ሰዎች የመኪና ቁልፋቸውን ፍሪጁ ውስጥ የሚያስቀምጡት በምክንያት ነው፤ ሳይሰኩት ወደ ቤት መሄድ አይቻልም።) ጄኔሬተሩ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ፤ በመካከል ግንብ ወይም ሌላ ሕንፃ ቢኖር ይመረጣል። ሲርቅ ቀጭን ገመድ ኃይል ስለሚበላ ወፍራም ገመድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ መብራቱ ይደክማል። «ኋላ በኮምፒውተር እናጠፋዋለን» የሚለው ተስፋ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ከመብራት መስመር የሚመጣው ጉርምርምታ በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ጀምሮ በ100፣ በ150፣ በ200 ይደጋገማል፤ የወንድ ድምፅ መሠረትም 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ጉርምርምታውን የሚቆርጠው መቀስ የተዋናዩንም ደረት አብሮ ይቆርጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሚወርድ ዝናብ ደግሞ መድኃኒት የለውም፤ ማቆም ነው። ክረምትን ረስቶ የተያዘ የቀረጻ ፕሮግራም በጀቱን የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

ማይኩ ከሁሉ በላይ ርቀት ይፈልጋል፤ ማለትም ቅርበት። ቡም (ማይክ የሚንጠለጠልበትን ረጅም ዘንግ) የሚይዘው ሰው ማይኩን ከተዋናዩ ግንባር በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጎ ወደ አፉ ያነጣጥራል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሰውየው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይወርዳል፤ ሁለት ሜትር ላይ ሲደርስ 12 ዴሲቤል ወርዷል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን አልቀነሰም። «ፍሬም ውስጥ ይገባል» ተብሎ ቡሙ ወደ ጣሪያ ሲሸሽ የምንሰማው ተዋናዩን ሳይሆን ሳሎኑን ነው። ልብስ ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ ደግሞ ከአገጭ በታች 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ደረት አጥንት ላይ፣ በሁለት በኩል በሚይዝ ፕላስተር ይጣበቃል፤ ሽቦው ሳይወጠር አንዴ ዞር ብሎ ይታሰራል። በእኛ ፊልሞች ላይ ይህን ማይክ የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ይታወቃሉ፤ የነጠላ ፍትጊያና የአንገት መስቀል። ነጠላው ከማይኩ ወደ ሌላው ትከሻ ይዞር፤ መስቀሉ ከጀርባ በፕላስተር ልብሱ ላይ ይያዝ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

ቀረጻው በ48 ሺህ ኸርዝና በ24 ቢት ሆኖ ከፍተኛው ንግግር ከዜሮ (መቅጃው ሊይዘው ከሚችለው ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይቆይ። ዜሮን የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ልኬቱ የሚያዘው በጩኸቱ ልምምድ ነው እንጂ በሹክሹክታው አይደለም። የጠብ ትዕይንቶች ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ልኬቱ ገና ሰዎቹ ሰላምታ ሲለዋወጡ ስለተያዘ ነው። ከዚያ ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ ማንም ሳይናገር፣ የክፍሉ ዝምታ ለ60 ሰከንድ ይቀዳል። ይህ ዝምታ ያልተቀዳለት ኤዲተር በሁለት ንግግሮች መካከል ባዶ ይተዋል፤ ተመልካቹ ቴሌቪዥኑ የጠፋ ይመስለዋል። ወይም ደግሞ ቀዳዳውን ሁሉ በኪቦርድ ይደፍናል። ከጥግ እስከ ጥግ የሚያለቅሰው የፊልሞቻችን ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ የስሜት ጉዳይ ሳይሆን የልጥፍ ጉዳይ ነው።

ሙዚቃና ድምፅ አብረው እንዲኖሩ ማድረግ እንደሚቻል ለማየት እ.ኤ.አ. የ2025ቱን «ሲነርስ» ማየት ነው። የወጣቱ ብሉዝ ላይ ከበሮውና ኤሌክትሪክ ጊታሩ እየተደረቡ ሲመጡ እሱ አይሰምጥም።

ስለ ከንፈርና ድምፅ መጣጣም አንድ ነገር ልጨምር። ጆሮ የዘገየን ድምፅ ከቀደመ ድምፅ ይልቅ ይታገሣል፤ ተፈጥሮም ብልጭታን አስቀድማ ነጎድጓድን አስከትላ አስለምዳዋለች። ለስርጭት የሚሠራበት መለኪያ ሰው ስህተቱን መለየት የሚጀምረው ድምፁ በ45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊ ሰከንድ ሲዘገይ እንደሆነ ያስቀምጣል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀረጽ ፊልም አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ድምፁ ሁለት ፍሬም ከቀደመ ተመልካቹ «የሆነ ነገር ያስጠላል» ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ክላፕ (በቀረጻ መጀመሪያ ካሜራው ፊት የሚጋጨው ሰሌዳ) የሚመታው ለዚህ ነው፤ ለፎቶ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ትወና የሚባለውም መታየት አለበት። «ተዋናዮቻችን ይጮኻሉ» ይባላል። ብዙዎቹ ከመድረክ የመጡ ናቸው፤ ብሔራዊ ቴአትር ላይ ድምፅን ኋለኛው ረድፍ ድረስ መወርወር ሙያ ነው። ማይኩ ሁለት ሜትር ርቆ ሲቆም ደግሞ ዳይሬክተሩ ራሱ «ትንሽ ጠንከር አድርገው» ይላል። ማይኩን ቢያቀርብለት ተዋናዩ በመኝታ ቤት ድምፅ ያወራ ነበር። ለዚህ ማስረጃ ከተፈለገ እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የጀመረውን የአማርኛ ትርጉም ድራማ ማስታወስ ነው። ስለ ባህሉ፣ ስለ ይዘቱ ብዙ ተሟገትን። «ምን አለ?» ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ በታፈነ ክፍል፣ ከማይክ አፍ ሥር የተቀዳ ንግግር ነበርና። የታሪኩን መያዝ ለቱርኮቹ ደራሲዎች ብቻ መስጠት አግባብ አይመስለኝም።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የሠሪው ነው ማለት አይደለም። ሲኒማ ቤት ውስጥ ንግግር የሚመጣው በአብዛኛው ከመጋረጃው ጀርባ መካከል ላይ ካለው ስፒከር ነው፤ ሙዚቃው ከግራና ከቀኝ። መካከለኛው ከተበላሸ ሙዚቃው አምሮ ይሰማል፣ መኪናው ያልፋል፣ ሰዎቹ ግን ከጉድጓድ የሚናገሩ ይመስላሉ። ቤት ውስጥም ለስድስት ቻናል የተቀናበረ ፊልም ሁለት ስፒከር ባለው ቴሌቪዥን ሲከፈት ያው ነገር ይደርሳል፤ ማስተካከያው የድምፅ ምርጫውን ወደ ስቴሪዮ መመለስና «ሰራውንድ» የሚለውን ማጥፋት ነው። ፊልሙን በስልክ የሚያይ ሰው ደግሞ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አይሰማም። በገና በስልክ ሲሰማ የእንዝራው ዝዝታ ይቀራል፣ ክብደቱ ይጠፋል። በዩቲዩብ ለሚለቁት፦ የንግግርና የሙዚቃ ቅልቅላችሁን በትልቅ ስፒከር ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ጊዜ በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ አዳምጡት። ደምቆ እንዲሰማ ብላችሁ ሁሉንም አትጨፍልቁት፤ ዩቲዩብ የጮኸውን ራሱ ይቀንሰዋል፣ የተጨፈለቀው ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል።

ጥያቄዬ ለዝግጅት ክፍሉ ይህ ነው። አንድ ፊልም ሲገመገም ጸሐፊው የት እንዳየው፣ በሲኒማ ይሁን በቴሌቪዥን ወይም በስልክ፣ ቃላቱ ይሰሙ እንደሆነና ካልተሰሙ ከየትኛው ትዕይንት ጀምሮ እንደሆነ በሁለት መስመር ይጻፍ። የድምፅ ቀራጩና የቀላቃዩ ስምም ከተዋንያኑ ስም ጋር ይውጣ፤ ማንን ማመስገን ማንን መውቀስ እንዳለብን እናውቃለን። አንባቢያንም ሙዚቃው ደህና ሆኖ ንግግሩ ከጠፋባችሁ፣ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ውጡና ለማሽን ክፍሉ ሰው «የመካከለኛው ስፒከር አይሠራም» በሉት። «ድምፁ አይሰማም» ካላችሁት ሁሉንም ከፍ አድርጎ ሙዚቃውን ይጭንባችኋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊልም ተመልካች
አዲስ አበባ